የሰፋሁት መጨረሻ

ሙሄ ሞተ ብለው ሲደውሉልኝ ወልድያ ገበያ ማንጎ እየመረጥኩ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ መምረጤን ቀጠልኩ። ሻጯ «ጋሼ፣ የመርሳ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የመጣ» ስትለኝ አንዱን አንስቼ አሸተትኩት፤ ማልቀስ እንደነበረብኝ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አላለቀስኩም። ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ መጥቶ ካለፈ ወዲህ እኔና እንባ ተኳርፈናል። ባለቤቴ ውዴ ያረፈች ዕለትም ሰው ሲያለቅስ እኔ የማየው የድንኳኑን ስፌት ነበር፤ ድርብ መሰፋት ሲገባው ነጠላ ሰፍተውታል። እግር ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው ነገሩ፤ እንዳለ ይታወቃል፣ የራስ ግን አይመስልም። ማንጎዬን ይዤ ቤቴ ገባሁና በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ በመንገዱ ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ ሙሄ አልነበረም። ስለ ዘይነባ ነበር። ከሙሄ ለቅሶ እንደማትቀር አውቃለሁ። ይህችን ሴት በወጣትነቷ አንድ ውሸት ነግሬያታለሁ፤ ትንሽ ውሸት፣ ስለ አንድ መጽሐፍ። በዚያች ውሸት ሰበብ ደህና ትዳር አመለጣት፣ ዓመታት ባከኑባት ብዬ ሳምን ነው የኖርኩት። እሷ ውርጌሳ፣ እኔ ወልድያ፤ በመኪና ስንት ሰዓት ሆኖ ነው! ግን ሄጄ አልነገርኳትም። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፤ ሙሄም ሞቷል፤ የሚቀጥለው ለቅሶ የእኔ ወይ የእሷ መሆኑ አይቀርም። ዛሬ ካገኘኋት እነግራታለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ይህን ስወስን እንኳ ልቤ አልደነገጠም፤ ጥርሱን ለማስነቀል ቀጠሮ እንደያዘ ሰው ሲሪንቃ ላይ የምርምሩን ማሳ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። በወጣትነቴ በዚህ መንገድ መርሳ ለመድረስ አንድ ብር ከሃምሳ ይበቃ ነበር። ረዳቱ ሱሪውን እኔ የሰፋሁለት ከሆነ ደግሞ እሷም ትቀር ነበር።

መርሳ ውስጥ የስፌት ቤት ነበረኝ። ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ፣ በሩ ሰማያዊ የነበረው። ዛሬ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። በዚያ ዘመን ወጣቱ ሁሉ ቤልቦተም ካልለበሰ የለበሰ አይመስለውም ነበርና የሱሪው እግር ስንት ጣት ይስፋ የሚለው ክርክር ከኔ ደጃፍ አይጠፋም። ካኪ ለተማሪ፣ ተትረን ለመምህርና ለሙሽራ፣ ፖፕሊንና ሺፎን ለሴቶች የክት። አንድ ሱሪ በአምስት ብር እሰፋ ነበር፤ ብርቱካን በመደብ በመደብ ተቆልሎ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ሻይ ከነዳቦው ስንት እንደነበር ብነግራቸው የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ከሻይ ቤቱ ቴፕ አምባሰል ሲወጣ ፔዳሌ ሳላስበው በዚያው ምት ይሄዳል። ደንበኞቼ «ይሄ የአምባሰል ቀን የተሰፋ ነው፣ ስፌቱ ተንቀራፏል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ትዝታ ሲመጣማ ጭራሽ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ክር መቋጨት እጀምራለሁ። ጠዋት ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ ትደርስ ነበር፤ ወንዙ ዳር ያለው የብርቱካን አበባ ሽታም እንደዚሁ።

መጻሕፍቱን ያመጣልኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አርባ የሚሆን ልቦለድ በጆንያ ይዞ መጣና «እስክመለስ አስቀምጥልኝ» አለኝ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሳይመለስ ቀረ። ዓመት ያህል ጠብቄ ጆንያውን ፈታሁት። ሽፋናቸው አልቆ ስለነበር በተረፈኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉንም ልብስ ሰፋሁላቸው። የፍቅሩን በአበባ ሺፎን፣ የጂኒውን፣ የአስማቱን፣ ሰው ወደ ወፍ የሚለወጥበትን ደግሞ በአረንጓዴ ካኪ። የዛሬ ልጆች ፋንታሲ የሚሉት ነው። በቀን አስር ሳንቲም አከራያቸው ጀመር። የመጽሐፍ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ «አንድ አበባ ስጠኝ»፣ «ካኪ ገባ?» ነው። አንድ ደንብም ነበረችን፤ ማን እንዳወጣት አላስታውስም። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ዝም ብሎ አስቀምጦ አይወጣም፤ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሰው ያማክራል። ለማን እንደሚሆን፣ ለማን እንደማይሆን፣ ከምን ጋር እንደሚነበብ ተናግሮ ነው የሚሄደው። መጨረሻውን ያወጣ ሰው ግን ለሳምንት መጽሐፍ አይሰጠውም። ለቤልቦተም ልኬት የመጣ ጎረምሳ ማማከሩን ሲሰማ ቆይቶ ሱሪውን ትቶ መጽሐፍ ተከራይቶ የሄደበት ቀን ብዙ ነው።

ከአማካሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ሙሄ ነበር። ብርቱካን ነጋዴ ነው፤ ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ እጁ ሁልጊዜ ልጣጭ ልጣጭ እየሸተተ ይመጣል። የሚያነበው ካኪውን ብቻ ነው። «ወላሂ፣ ይሄን ሳታነብ ብትሞት ቀብርህ ላይ አልቆምም!» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ከዚያ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይቀጥላል። «እምትበርር ሴት አለችበት። ክንፍ የላትም፤ ዝም ብላ ነው እምትበርር።» መምህር ደሳለኝ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ የአበባው ወገን ነበርና ዝም አይለውም። «ሙሄ፣ ለምንድን ነው የምትበረው? ምክንያት አላት?» ሙሄ ይቆጣል። «አጂብ ነው! አንተ ለምን ትሄዳለህ? እግር ስላለህ አይደለም? እሷም ስላሰኛት በረረች፣ በቃ።» መምህሩ በተራው የፍቅር መጽሐፍ ሲመልስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ነበር የሚያማክረው። «ይሄ ሚስቱን ያኮረፈ ሰው ያንብበው። ሌላ ሰው ባያነበው ይሻላል፣ ያለ ነገር ያናድዳል።» እንዲህ እየተባለ ነበር በመርሳ ማን ማንን እንዳኮረፈ የሚታወቀው።

አሁን የልጄ ልጅ ሕሊና በስልኳ የአንባቢዎች ግሩፕ አስገብታኛለች። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሌሊቱም ቀኑም ይማከራሉ። «ፍቅርም አስማትም ያለበት ምን ላንብብ?» ይላል አንዱ፤ ወዲያው ሃያ ሰው ይረባረብለታል፤ ልብ ይልካል፣ ኮከብ ይሰጣል። መጽሐፉ ራሱ በስልክ ይመጣል፤ አይታጠፍም፣ አይቀደድም፣ ሽታም የለው። አነባለሁ። ሕሊና «አያቴ፣ አንድ ነገር ጻፍላቸው እንጂ፣ አማካሪ ነበርኩ ትል የለ?» ትለኛለች። ጣቴን ፊደሉ ላይ አስቀምጬ እቆያለሁ፤ ምንም አይመጣልኝም። መጽሐፉ ጥሩ መሆኑ ይገባኛል፤ የት ቦታ ማዘን እንዳለብኝም አውቃለሁ፤ ማዘኑ ነው የቀረው። ስልኩን መልሼ እሰጣታለሁ።

ዘይነባ ወንዙ ዳር የፍራፍሬ ማሳ የነበራቸው ሰው ልጅ ናት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ቢበዛ ሃያ። ከአባቷ ብርቱካን ጋር ገበያ ትወጣና ሲሸጥላት እኔ ዘንድ ጎራ ትላለች። አበባም ካኪም ታነባለች፤ ሁለቱንም የምታነብ እሷ ብቻ ነበረች። ስታማክር ቃል አታበዛም። «ይነበባል» ወይ «አይነበብም»፣ ከዚያ አንድ ምክንያት። መርሳ በሙሉ የወደደውን አንድ የፍቅር መጽሐፍ «ደራሲው ልጅቷን አይወዳትም፤ አይነበብም» ብላ አግዳሚው ላይ ጣለችው። መምህር ደሳለኝ መጽሐፉን አንስቶ ለብዙ ጊዜ ሲያገላብጥ ትዝ ይለኛል። ከሰባት ዓመት በላይ አልበልጣትም፤ እሷ ግን እንደ አገሩ ወግ አንቱ ነበር የምትለኝ።

ከጆንያው ውስጥ አንዱ መጽሐፍ ጨርቅ አስቸግሮኝ ነበር። ፍቅርም አስማትም ስላለበት ግማሹን አበባ፣ ግማሹን ካኪ አድርጌ ቀጣጠልኩለት። የፊት ገጾቹ ስለጠፉ ስሙም የደራሲውም ስም አይታወቅም። አንዲት ልጅ የምትወደው ሰው ገደል ውስጥ ባለ በር ይገባል፤ በሩ የሚከፈተው በሰባት ዓመት አንዴ ነው። ልጅቷ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሰባተኛው ዓመት ደርሶ፣ ድንጋዩ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ እዚያ ላይ ተቀዷል። የሆነ ሱቅ ውስጥ ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል። አንባቢዎቼ ሊያብዱ ደረሱ። ሙሄማ «እንዴት ያለ ግፍ ነው! ሰውዬው ወጣ ወይስ አልወጣ? ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁ!» ብሎ በኔ ላይ ጮኸ፣ እኔ የቀደድኩት ይመስል።

ስለዚህ ጻፍኩት። የተቀደደ ነገር ሲመጣ መጣፍ ነው ሥራዬ፤ ከዚያ የበለጠ አላሰብኩም። ከተማሪ ደብተር ስምንት ቅጠል ቆርጬ፣ የዒድ ሥራ በተጨናነቀበት ሰሞን፣ በሱሪና በሱሪ መካከል በእጄ ጻፍኩ። በሩ ተከፈተ፣ ሰውዬው ወጣ፣ ልጅቷን እዚያው አገኛት። ከመግባቱ በፊት ሊላት ፈልጎ ያላለውን ሲወጣ አላት፤ «እዘገይ ይሆናል እንጂ አልቀርም።» ይቺን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ። ልጅቷን ማልበስ ነበረብኝና ያን ሰሞን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ቀሚስ አለበስኳት፤ ሰማያዊ ሺፎን፣ እጅጌው ክርኑ ላይ የተሰበሰበ፣ አንገቱ በነጭ ክር የተዘመዘመ። የዘይነባ የዒድ ቀሚስ ነበር። ልኩን ከአሮጌ ቀሚሷ ላይ ወስጄ የሰፋሁት። እወዳት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የእሷን ጨርቅ ስቆርጥ መቀሴ ይጠነቀቅ ነበር። ከዚያ ያለፈውን ራሴን አልጠየቅኩም። ገጾቹን በወፍራም ክር ከመጽሐፉ ጋር ሰፋሁና «መጨረሻው ተገኘ» ብዬ አወጅኩ።

መጀመሪያ የተከራየችው ዘይነባ ናት። በማግስቱ ይዛው መጣች። ሙሄና መምህር ደሳለኝ አግዳሚው ላይ ነበሩ። እንደቆመች «ይነበባል» አለች።

«ለማን ይሆናል?» አለ ሙሄ።

«ለኔ። ለሌላ ሰው ሚሆን አይመስለኝም።»

ሳቅን። የዘይነባ ምክር ሁልጊዜ እንዲህ ጠመም ያለ ነው ብለን ነው የሳቅነው። እነሱ ሲሄዱ ግን ቀረችና መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጋ «ጋሽ አራጋው፣ ይሄ መጨረሻ ከየት ተገኘ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጽሕፈቱ በእጅ ነው፤ ምን ልበል? እኔ ነኝ ብል የሚሳቅብኝ መሰለኝ፤ ልብስ ሰፊ ደራሲ ሆነ ይሉኛል። «ደሴ ሙሉውን መጽሐፍ አግኝቼ ነው የገለበጥኩት» አልኳት። ፈገግ ብላ «እሺ» አለች። ውሸቷ ይቺ ናት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከግራና ከተማ አንድ እህል ነጋዴ ለእሷ ሽማግሌ ላከ። ደህና ሰው ነበር፤ ሱሪ ሰፍቼለታለሁ፣ ሲለካ አይቅበጠበጥም። አባቷም ደስ ብሏቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ዘይነባ መጣች፤ መጽሐፍ አልያዘችም። «ጋሽ አራጋው፣ ያቺ በር ላይ ቆማ ምትጠብቀዋ ልጅ፣ መጠበቋ ልክ ነው ይላሉ?» አለችኝ። የዕውቀት አማካሪ ሆኜ የለ? መቀሴን አስቀምጬ፣ ጎሮሮዬን ጠራርጌ «ካልጠበቀችማ ታሪኩ ምኑ ላይ ነው!» አልኳት። ዘይነባ የግራናውን ሰው እምቢ አለች። አባቷ ከእኔ ሱቅ በኩል ማለፍ ተዉ። ሰው «አሰብ የወረደ ልጅ አላት፣ እሱን ነው ምትጠብቅ» ብሎ አወራ፤ እኔም አመንኩ። በልቤ ይቺን ልጅ መጽሐፍ አበላሻት፣ የኔው ድርሰት አበላሻት ብዬ ደነገጥኩ፤ ያን ጊዜ መደንገጥ እችል ነበር። ሄጄ እውነቱን ልነግራት አስቤ ዛሬ ነገ ስል በዓል መጣ፣ ሥራ በዛ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤተሰቦቼ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ውዴን አጩልኝ። ጥሩ ሴት ነበረች። የሰርጉን ጥሪ በእጄ እየጻፍኩ ለወዳጆቼ ሁሉ አደረስኩ፤ ለዘይነባም ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። በሁለት እጇ ተቀብላ «አላህ ያሳምርላችሁ» አለችኝ። በዓመቱ እሷም ውርጌሳ አገባች። እኔም ሱቁን ዘግቼ ወልድያ ገባሁ፤ መጻሕፍቱን ሙሄ ወሰዳቸው፤ በኋላ በዚያ ክፉ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ አብረው ሄዱ አሉኝ። ማን ለምን እንደፈለጋቸው እንጃ።

የሙሄ ለቅሶ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሼኾቹ ዱዓ አደረጉ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ልጆቹ ሳሙኝ፤ ትልቁ «አባባ ስለ አንቱ መጽሐፎች ሲያወራ ነው የኖረው» አለኝ። «ደግ ሰው ነበር» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል። ስወጣ ዘይነባ ከሴቶቹ በኩል ወጣች። ወዲያው ነው ያወቅኳት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የቤተሰብ ጤና ተጠያየቅን፤ ባሏ ከአምስት ዓመት በፊት ማረፉን ነገረችኝ፣ የውዴን ነገርኳት። «አላህ ያጥናዎት» አለች። እሷ ወደ ውርጌሳ፣ እኔ ወደ ወልድያ ስለሆንን መኪና መጠበቂያው ድረስ አብረን ሄድንና አንድ ሱቅ ደጃፍ ካለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ባጃጆች ይመላለሳሉ። እንግዲህ አሁን ነው አልኩ።

«ዘይነባ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ። ያ መጽሐፍ፣ በሩ በሰባት ዓመት የሚከፈተው። መጨረሻውን ከደሴ አልገለበጥኩትም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዋሽቼሻለሁ።»

ወደኔ ዞር አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምረሽ?»

«ካነበብሁበት ቀን። እንዴ ጋሽ አራጋው! የደሴ ደራሲ የኔን ቀሚስ የት አየው? አንገቱ ላይ ያለችውን ነጭ ዝምዝማት ሳትቀር ጽፈዋት!»

«በዚያ ሰበብ ነው የግራናውን ሰው እምቢ ያልሽው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሲቆጨኝ ኖረ። ያን አሰብ የወረደውን ልጅ ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ ብዬ።»

«የቱን ልጅ?» አለች። «ሰው ያወራው ነው እንጂ አሰብ ማንም አልነበረኝም።»

አንድ የጭነት መኪና አቧራ አስነስቶ አለፈ፤ አቧራው እስኪያልፍ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ስትገልጠው ስለ ሰው ሰርግ የምታወራ ያህል ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው።

«ቀሚሴን አልብሰው፣ ‹እዘገይ ይሆናል እንጂ አልቀርም› ብለው ጽፈው ሰጡኝ። እኔ ሌላ ምን ይመስለኝ? ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ መጥቼ ጠየቅሁዎት፤ ይጠበቃል አሉኝ። ጠበቅሁ። አራት ዓመት ሞላ። በአራተኛው ዓመት የሰርግ ጥሪ ይዘው ቤቴ መጡ። ገልጬ ሳየው ጽሕፈቱ ያው ነበር።»

ደረቴ አንድ ነገር እስኪሆን ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። ማዘን ያለብኝ እዚህ ላይ ነው ብዬ አውቄያለሁ፤ ደግሞም አዝኛለሁ መሰለኝ፣ ግን ከሩቅ ነበር፣ ሌላ ሰው እንደሚያዝንልኝ ያህል። የሻርፗ ጠርዝ መተርተር ጀምሯል፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እሱን እያየሁ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

የውርጌሳው መኪና ደርሶ ረዳቱ «ውርጌሳ! ውርጌሳ!» እያለ ይጣራል። ዘይነባ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች።

«አንቱ ነዎት የጻፉት» አለችኝ። «እኔ አንባቢ ነበርሁ። አንባቢ መጠበቅ እንጂ ምን ያውቃል?» ከዚያ ፊቴን አይታ ይሆናል «አብሽሩ፣ ጋሽ አራጋው» ብላ ወደ መኪናው ሄደች።